ፈረንሳይና እንግሊዝን ፌርፋክስ ላይ ያስታረቅኩ ዕለት

በ2017 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንዱ ጉልበቴ ታሟል፣ ሌላው እሱን እያየ ለመታመም ያስባል። መኪናዬ ግን ደህና ናት።

ንጋት፣ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቫን ናይስ

ገና ሳይነጋ ወጣን። እኔና የልጅ ልጄ ሐያት። ሐያት እንግሊዝ አገር ነው የምትማረው፤ ለክረምቱ መጥታ እኔ ዘንድ ናት።

«አባባ፣ ሚቲንጉ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ምን አስቸኮለህ?»

«የፍሪዌዩን መጨናነቅ አላውቀውም እንዴ? ግቢ።»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እሷ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲና አንድ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመሠረቱት ማህበር አለ። የዚያኛው ልጆች ወደዚህኛው፣ የዚህኛው ወደዚያኛው ይሄዱና ዶርም ሳይሆን ሰው ቤት ገብተው ይኖራሉ። ዌስትውድ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ እንደዚያ ያለ ማህበር እናቋቁም ብለው ሁለቱን ሊቀመንበሮች ጠርተዋል። የሚቀጥለው ዓመት ውልም እዚያው ሰው ፊት ይፈረማል። ሐያት የማህበሩ ጸሐፊ ናት። ውሉ ከተፈረመ መስከረም ላይ ለአንድ ዓመት ፈረንሳይ ትሄዳለች።

«ካልተፈረመስ?»

«ካልተፈረመ ኖ ፈረንሳይ። ሁለቱም አብረው መፈረም አለባቸው። ሶ፣ ችግሩ ምን መሰለህ፣ አይነጋገሩም።»

«ተጣልተው?»

«በኢሜይል ብቻ ነው የሚያወሩት። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንግሊዝ መሄዷ ራሱ አልተዋጠልኝም ነበር። ደግሞ ፈረንሳይ? ይጣሉ፣ ይባሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ነዳሁ።

ጠዋት፣ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ዌስትቼስተር

አራት ዓይነት ሆቴል በተከታታይ የተሰለፈበት የኤርፖርት መንገድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፓርኪንግ የሠራሁት እዚሁ ሰፈር ስለሆነ የአውሮፕላኑ ድምፅ አይሰማኝም። ሁለቱ ሊቀመንበሮች በአንድ ቀን መጥተው በሁለት ሆቴል ነው ያደሩት። ከአንዱ በር ሌላው በር ይታያል።

መጀመሪያ ፈረንሳዩን ሉካን ጫንን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩ ማበጠሪያ አይቶ የማያውቅ። መቶ እርምጃ ነድቼ እንግሊዟን ኤሚሊን ጫንን። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ ያለባት፣ ባጠገቧ ላለፈ ሁሉ ይቅርታ የምትል ልጅ። እሱ በግራ መስኮት፣ እሷ በቀኝ መስኮት፣ ሐያት መሃል እንደ ድንበር ጠባቂ ተቀመጠች።

ጠዋት፣ 3 ሰዓት፣ ውቅያኖሱ ዳር

ጊዜ ስለተረፈ ባሕሩን ላሳያቸው አልኩ። ጭጋጉ አልተነሳም፤ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፤ አንድ ሰውዬ ውሻውን ሹራብ አልብሶ ያዞራል። ኤሚሊ ባሕሩን ታያለች። ሉካ ጀርባውን ሰጥቶ መኪና ይቆጥራል።

«የውሉ ወረቀት እኔ ጋ ነው በያት» ይላታል ሐያትን።

«አውቃለሁ በይው» ትላለች ኤሚሊ።

በመሃላቸው ሦስት እርምጃ አይሞላም። ሐያት ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «አባባ፣ ልታመም ነው» አለች።

«አይዞሽ፣ ርቧችሁ ነው» አልኩና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ።

ረፋድ፣ 5 ሰዓት ተኩል፣ ፌርፋክስ

ፓርክ ለማድረግ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ልብስ መሸጫው ከፍቷል፣ ቅመም መሸጫው በሩ ላይ ከረጢት እያራገፈ ነው። አልማዝ ምግብ ቤት ገባን። አልማዝ ክርስቲያን ናት፣ እኔ የወሎ እስላም፤ ስለዚህ ሥጋዋን በልቼ አላውቅም፣ ሽሮዋን ግን ከማንም አላስበልጥም።

«ጋሼ ሰይድ! ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር መጡ?»

«ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር።»

«ይስማማሉ?»

«እሱን አሁን ታያለሽ። ለአራታችን በየዓይነቱ በአንድ ትሪ።»

ትሪው መጣ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ። ኤሚሊ እጇን ሰደደች። ሉካም እጁን አነሳ፣ የእሷን ሲያይ ግን መለሰውና አልማዝን ጠርቶ ለብቻው ሳህን ጠየቀ።

ለብቻው ሳህን! እኔ ባለሁበት ማዕድ!

ተነሣሁ። በወሎ ሽማግሌ ለእርቅ ከሄደ «እሺ» ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። አጎቴ አበጋር ነበሩ፣ አስታራቂ ማለት ነው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ ቆመው ቀኑ ሲመሽባቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሉካ ወንበር ያጣሁ መስሎት ብድግ ብሎ የራሱን ሰጠኝ።

«ወንበር አልፈልግም። ተርጉሚ!»

«አባባ ፕሊስ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ነን!»

«ተርጉሚ ብያለሁ። እስኪታረቁ አልቀመጥም፣ አልበላም በያቸው።»

እየተቅለሰለሰች ተረጎመች። ከጎናችን የሽምብራ አሳ የሚበሉ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ተያዩ። «ጋሼ ቆመው እኛ እንቀመጣለን?» ብለው ተነሡ። አልማዝም ጆጓን እንደያዘች ቆመች። ኤሚሊ ሰው ሁሉ ሲቆም አይታ ይቅርታ እያለች ተነሣች። ሽሮው ብቻ ተቀምጦ ቀረ።

እዚያ ቆሜ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሰይድ፣ አሁን ዝም ብለህ ቁጭ ብትል፣ ብትበላ፣ እነዚህ አይፈርሙም፤ ሐያትም የትም አትሄድም። ትሪውን አየሁት፤ ሐያትንም አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቱ ያለበትን የሉካን ቦርሳ ታያለች። አልተቀመጥኩም።

መጀመሪያ የተናገረው ሉካ ነው። ኤሚሊ ባለፈው ዓመት ሦስት ወር እናቱ ቤት ነበረች። የመሄጃዋ ቀን እናቱ ምሳ ሠርታ፣ ጎረቤት ጠርታ ብትጠብቅ፣ ልጅቷ በማለዳ አልጋዋን አንጥፋ፣ ሳትሰናበት በባቡር ሄዳለች። «እናቴ እስከ ዛሬ ምን አስቀየምኳት እያለች ትጠይቀኛለች» አለ። ሐያት ስትተረጉምልኝ አልማዝ «ውይ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

ኤሚሊ ፊቷ ቀላ። «ብሰናበታት አለቅስ ነበር። እኛ ቤት ሰው ፊት አይለቀስም» አለች፤ ይህን ስትል ግን ስድስት ሰው ፊት እያለቀሰች ነው።

ፈረድኩ። «አንቺ አጥፍተሻል። እህል ከበሉበት ቤት ሳይሰናበቱ አይወጣም። አንተም አጥፍተሃል። ይህን ዓመት ሙሉ ሆድህ ውስጥ ይዘህ በኢሜይል ከምታኮርፍ ብትነግራት ምን ነበረበት? አሁን ለእናትህ ስልክ ደውልላት፣ ኤሚሊ ታናግራት።»

«እዚያ እኮ መሽቷል» አለ።

«እናት ልጇ ሲደውል አይመሽባትም።»

ደወለ። ስልኩን ለኤሚሊ ሰጣት። ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ እናት ስትቆጣ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ እንደ ኤሚሊ እያለቀሰች መሰለኝ፣ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ። ከዚያ ሳቁ። ሉካ ሳህኑን ለአልማዝ መለሰ።

«እሺ?» አልኳቸው ሁለቱንም።

«እሺ» አሉ በአማርኛ።

«ቢስሚላህ» ብዬ ተቀመጥኩ። ታክሲ ነጂዎቹም ተቀመጡ፣ «ጋሼ፣ ምግባችን ቀዘቀዘ፣ ካሳ ይክፈሉ» እያሉ።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ዌስትውድ

ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣሩ የተላጨ ፀጉር ይመስላል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠው ሁለቱ ተከታትለው ፈረሙ። ተጨበጨበ። እኔ ከኋላ ነኝ። ሐያት ከሰው መሃል አንገቷን አስግጋ ፈለገችኝ፤ እጄን አወጣሁላት።

እኔና ሐያት ብቻችንን ወደ ቤት ስንመለስ ፍሪዌዩ እንደ ልማዱ ቆሟል።

«አባባ፣ ደስ አላለህም አይደል?»

«ድራይቭ እያደረግኩ አታናግሪኝ።»

«ቆመናል እኮ!»

«ብንቆምም።»

ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቷን ጣለች። እስከ ቫን ናይስ አላነሳችውም፤ እኔም ትከሻዬን አላነቃነቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጉልበቴ አብጦ አደረ። እያነከስኩ መንገዱን ተሻገርኩና ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሻንጣ መሸጫ እስኪከፈት በር ላይ ጠበቅኩ። ትልቁን፣ አራት ጎማ ያለውን ሻንጣ ገዛሁላት።