ሁለት ሰው የቀረው

በደንጉሪ ግድብ የተገደበው ሁለት ነገር ነው፤ ውኃውና ጋሽ ክንዴ። ውኃው እንኳ ክረምት በመጣ ቁጥር በማስተንፈሻው በር እየሾለከ ወደ ቆላ ይወርዳል። ጋሽ ክንዴ ግን በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ስለሆኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላሉም።

ቤታቸው ዳንግላ ነው፤ ከግድቡ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዳሩ ግን በር ጠባቂ በሩን ለማን ትቶ ይሄዳል? ስለዚህ ወደ ቤታቸው የሚዘልቁት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ውኃው ሲያንስ፣ ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው። ያለፈው ፋሲካ ግቢያቸው ሲገቡ የገዛ ውሻቸው ነከሳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ዱላ ይዘው ሮጠው ወጡ፤ ባላቸውንም አዩ፣ ውሻውንም አዩ፣ ዱላውን አስቀመጡ።

«ምን ያድርግ፣ አያውቅህ!» አሉ።

ጋሽ ክንዴ ወደ ግድቡ ከመግባታቸው በፊት የዳንግላ ቆሰበር ሚኒባስ ረዳት ነበሩ። አዲስ ቅዳም ላይ ቆመው «ዳንግላ!» ካሉ፣ ቲሊሊ ላይ ፊቱን የሚላጨው ሰው ሳሙናውን ሳይታጠብ ቦርሳውን ያነሳል ይባል ነበር። ጉሮሯቸው ሲደክም ጊዜ ነው ወደ ግድቡ የገቡት፤ ሥራው ፀጥ ያለ ነው ተብለው።

የግድቡ ደንብ አጭር ነው። ውኃው ቀዩን መስመር ሲነካ ሳይረን ይነፋል፣ ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል፣ በሩ ይከፈታል። ከግድቡ በታች ባለው አሸዋ ላይ ያለ ሰው ሳይረኑን ሰምቶ ይሸሻል ማለት ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው ጎበዝ መሐንዲስ ነው፤ ብቻ እድር የለውም።

እኛ አገር ጡሩንባ ከተነፋ ሰው ይመጣል እንጂ አይሸሽም። ሰው ሲሞት ይነፋል፣ ትመጣለህ። እሳት ሲነሳ እሪ ይባላል፣ ትመጣለህ። «ሂድ» የሚል ጡሩንባ አባቶቻችን አልሠሩልንም። እናም ሳይረኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸ ዕለት የሦስት ቀበሌ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም!» አሉ ጋሽ ክንዴ ከላይ እየተንደረደሩ። «እስካሁን ማንም! ካልወጣችሁ ግን ሁላችሁም!»

አንድ የእድር ዳኛ ተቆጡ። «እንዴት ማንም? ንፍሮው ተጥዷል እኮ!»

ጋሽ ክንዴ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «ኅብረተሰቡን ያስተምሩ»። ጋሽ ክንዴ ዓመት ሙሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በየገበያው አስተማሩ፤ ሳይረን ማለት ውኃ ሊለቀቅ ነው ማለት ነው። ሕዝቡ ገባው። በደንብ ስለገባው ውኃው ሲለቀቅ ለማየት መምጣት ጀመረ።

ይህን ቀድሞ ያየው ቆሰበር ገበያ ጫማ ይሸጥ የነበረው ሙነወር ነው። አሸዋው ላይ አርባ የፕላስቲክ ወንበር ደረደረ፣ ሸራ ወጠረ፣ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረበ፣ ለፎቶ የሚሆን ያጌጠ ፈረስ አቆመ። እሁድ እሁድ ከቆሰበርም ከዳንግላም ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሙሽሮች ከጀርባቸው ውኃ ካልወረደ ተጋባን አይሉም።

«ጋሽ ክንዴ፣» ይላል ሙነወር በየእሁዱ ጠዋት፣ «ዛሬ በስንት ሰዓት ይነፉልናል?»

«የምነፋው ሰው እንዲሄድ ነው አንተ!»

«ወላሂ እርስዎ ሲነፉ ነው ድንቹ የሚያልቅ።»

ታዲያ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ያልሞተው በሳይረኑ አይደለም፣ በጋሽ ክንዴ ጉልበት ነው። ሳይረኑን ነፍተው ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ ይወርዳሉ። አንዱን በእጅጌው፣ ሌላውን በአባቱ ስም፣ ሙሽራዋን በቬሎዋ ጎትተው ያወጣሉ። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን መልሰው ወጥተው በሩን ይከፍታሉ። ኋላ ኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ይኼ የአባትዎ ነው፣ የራስዎን ያምጡ» አላቸው። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር።

ሰባተኛው የዝውውር ማመልከቻቸው ዘንድሮ በነሐሴ መልስ አገኘ። ዳንግላ፣ ንብረት ክፍል፣ ወንበር ያለው ሥራ! ደብዳቤው ግን ጅራት ነበረው፤ ተተኪው በሩን ለብቻው አንድ ጊዜ በሰላም ከፍቶ ሲያሳይ ዝውውሩ ይጸናል ይላል። ተተኪው ይኸነው የሚባል በቅርብ የተመረቀ ልጅ እግር ባለሙያ ነው። ጋሽ ክንዴ ቁልፉን ሲያስረክቡት አደራ አሉት።

«ሳይረኑን ስትነፋ ዝም ብለህ እንዳትቀመጥ። ውረድና በእጅህ አውጣቸው።»

«ጋሼ፣ እሱ ደንቡ ላይ የለም እኮ።»

«ደንቡ ላይማ እኔም የለሁም።»

የመስከረም ሦስተኛው እሁድ ነበር። አሸዋው ላይ ፀሐይ፣ ከላይ በተራራው በኩል ጥቁር ዝናብ። ጋሽ ክንዴ ከግድቡ በላይ ባለው የመኪና መንገድ፣ ማዞሪያው ላይ፣ የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል። ቦርሳቸው ጣሪያው ላይ ታስሯል። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ቀርቶት እየጠበቀ ነው። የቤንዚን ነገር ከጠፋ ወዲህ በእሁድ ከሰዓት መኪና ማግኘት እንደ ሎተሪ ስለሆነ፣ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

ሳይረኑ ጮኸ። ስልካቸውም ተከተለ።

«ጋሼ! ነፋሁት እኮ!» ይኸነው ነው።

«ሰምቻለሁ። ቀዩን ነካ?»

«አልፎታል! ሰዉ ግን...»

«እየመጣ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። ሰዉ ወንበሩን ወደ ውኃው እያስጠጋ ነበር። አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሏል፣ ደህና እንዲያይ።

«ልክፈተው?»

«እንዳትከፍት!»

«ካልከፈትኩት በግድቡ አናት ላይ ያልፋል! የአፈር ግድብ ነው ጋሼ፣ ይናዳል!»

«ስንት ደቂቃ አለህ?»

«አሥር።»

በእሳቸው ጉልበት ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ተተኪውም ቢወርድ በሩ ላይ የሚቆም ሰው የለም። በሩ ቢከፈት ሰዉ፣ ባይከፈት ግድቡና ሰዉ።

ይህን ጊዜ የሚኒባሱ ረዳት፣ ውብአየሁ የሚሉት ሰነፍ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ «ዳንግላ፣ ሁለት ሰው የቀረው» አለ። በሹክሹክታ ነው የሚባል አጠራር ነበር። ሆኖም ከታች አሸዋው ላይ ሳይረኑ ያልነቀነቃት አንዲት ሴት ብድግ ብላ ጫማዋን ስትፈልግ ጋሽ ክንዴ አዩ።

ተነሡ።

«ጋሼ፣ ከወረዱ ወንበሩን አልይዝልዎትም» አለ ውብአየሁ። «ሕግ ነው።»

ጋሽ ክንዴ ወንበሩን አንድ ጊዜ አዩት። ወረዱ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመው ለአሥራ አንድ ዓመት ያረፈውን ጉሮሮ ከፈቱት።

«ዳንግላ! አዲስ ቅዳም! ቆሰበር! ሁለት ሰው የቀረው! የመጨረሻ መኪና! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!»

አንድ ሚኒባስ እንዴት አድርጎ በአንድ ጊዜ ወደ ዳንግላም ወደ ቆሰበርም ይሄዳል ብሎ የጠየቀ የለም። አሸዋው ተነቀለ። ድንች በአፉ እንደያዘ የሮጠ አለ። ሙሽራው ሙሽራዋን ትቶ ተፈተለከ፤ እሷ ግን ቬሎዋን በጥርሷ ነክሳ መንገድ ላይ ቀደመችው። ያጌጠው ፈረስ እንኳ ዳንግላ ዘመድ ያለው ይመስል ከሰዉ ጋር ወጣ። መጨረሻ ላይ ሙነወር ብቅ አለ፣ ወንበር በራሱ ላይ ተሸክሞ።

«እኔንም ቁጠሩኝ! ወንበሬን ይዤ ነው የመጣሁ!»

ጋሽ ክንዴ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ነፍስ ያለው የለም። ስልኩን አነሱ።

«ክፈት።»

ውኃው የመጣው ቀይ ግድግዳ ሆኖ ነው። ሸራውን ወሰደው፣ የድንች ድስቱን ወሰደው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ወንበር እየተገለባበጠ ወደ ቆላ ወረደ። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ አየ። ሙነወር አፉን በእጁ ይዞ ወንበሮቹን ሲከተል ቆየና፣ «አልሐምዱሊላህ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባዷቸውን ናቸው።»

ከኋላ አንዱ ጠየቀ።

«እሺ፣ መኪናውስ?»

መኪናው ሄዷል። ጫማ የፈለገችው ሴት በጋሽ ክንዴ ወንበር፣ በመስኮት በኩል ተቀምጣ፣ ቦርሳቸውን ጣሪያው ላይ ጭና ሄዳለች።

አመሻሹ ላይ ወይዘሮ ዘውድነሽ ደወሉ።

«ቦርሳህ ገብቷል። አንተስ?»

«ውሻው ምን አለ?»

«ቦርሳውን አልነከሰውም።»

ይኸነው ሐቀኛ ልጅ ነው። በሪፖርቱ ላይ «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሰዉን ያስወጣው ግን የጋሽ ክንዴ ድምፅ ነው» ብሎ ጻፈ። በወሩ የምስጋና ወረቀት መጣ፣ ማኅተሙ የሰሃን ያህል። የጋሽ ክንዴ ድምፅ ከግድቡ የደኅንነት መሣሪያዎች እንደ አንዱ ተመዝግቧል ይላል። መሣሪያ ደግሞ አይዛወርም። ተመሳሳይ ድምፅ እስኪገኝ ድረስ ባሉበት ይቆዩ።

ጋሽ ክንዴ ድምፃቸውን ቀድተው በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። የመጀመሪያው ቀን ሰዉ ግማሽ መንገድ ድረስ ወጣና «ታሪፉ ስንት ነው?» አለ። ማጉያው አልመለሰም። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ።

አሁን እሁድ እሁድ ይኸነው በሩ ላይ፣ ጋሽ ክንዴ ማዞሪያው ላይ ይቆማሉ። ሙነወር አዲሶቹን ወንበሮች መንገዱ ዳር፣ ከፍታው ላይ ደርድሯል፤ ሰዉ ግን አሁንም ድንቹን ይዞ አሸዋው ላይ መቀመጡን አልተወም። ጋሽ ክንዴ መኪና እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል። ሲጠሩ ግን ሁሉም ይሮጣል፤ ዛሬ እውነት ቢሆንስ?

ባለፈው እሁድ እውነት ሆነ። ሰዉ ገና አሸዋው ላይ ሳለ የዳንግላ ሚኒባስ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ውብአየሁ በሩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው የቀረው። ይግቡ እንጂ!»

ጋሽ ክንዴ አንድ እግራቸውን አነሡ። በመስኮት በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከታች ሳይረኑ ጮኸ።

እግራቸውን አወረዱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።