የአቶ ተሰማ ሜዳሊያ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንተ የምታነበው ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ ከዚያ ፍረድ።

ዴንቨር ውስጥ በሚዘጋጅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የድሮ የጦር ዕቃ እመረምራለሁ። ሰዎች የአባት የአያታቸውን ጎራዴ፣ የብረት ቆብ፣ ሜዳሊያ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ አገላብጬ አይቼ እውነተኛ ነው ወይም ፎርጅድ ነው እላለሁ። ቃሌ ይታመናል። የጠፋሁትም በዚሁ ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ አበበች የሚባሉ እናት ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ከጎረቤት ከተማ ከኦሮራ መጡ። ባለቤታቸው አቶ ተሰማ ኮሪያ ዘምተዋል። ያን ጊዜ እሳቸው ታመው አልጋ ላይ ስለዋሉ፣ በቴሌቪዥን አይተው ደስ ይበላቸው ብለው እናትና ልጅ የአሜሪካ ጦር የሸለማቸውን ሜዳሊያ በመሀረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። ጀርባው ላይ የተቀረጸው ስም ግን «ታሲማ» ይላል። ጦር የጀግናውን ስም ይሳሳታል? ተጠራጠርኩ። መጠራጠርስ ኃጢአት አይደለም። አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። አዘጋጁ ጠዋት፣ ዛሬ አንድ ፎርጅድ ብናገኝ ተመልካች ይወዳል ብሎኝ ነበር። ካሜራው ፊቴ ላይ ነው። ከሱቅ የተገዛ ነው አልኩ።

«ታዲያ ልጄ፣ ባሌ ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዝናለሁ እማማ፣ ይመስላል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ፕሮግራሙ ተወደደ። ብዙም ሳይቆይ ሌክውድ የሚኖር ሜዳሊያ ሰብሳቢ፣ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የተሰጡትን አሳየኝ። እውነተኛ ናቸው፤ ስሞቹ ግን የፈረንጅ ጆሮ እንደሰማቸው ተጣመው ተቀርጸዋል። መሳሳቴ ገባኝ። ያን ጊዜ አቶ ተሰማ በሕይወት ነበሩ። ዴንቨር ሴንትራል ፓርክ ሰፈር ካለው ቤቴ ኦሮራ ሩቅ ነው? መደወልስ አቅቶኝ ነው? አይደለም። ከእንግዲህ ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ። አውቄ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ስልኬን አላነሳም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰናይት እንዳታየኝ መኪናዬን ራቅ አድርጌ ፓርክ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ አገኘችኝ። ጥቁር ለብሳለች። አባቷ ፕሮግራሙን አይተው ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ እንዳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ፣ ስለ ኮሪያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እንዳረፉ ነገረችኝ።

«እውነቱን ስለነገርከን ግን እናመሰግናለን» አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ባለፈው ሳምንት ኦሮራ ሄጄ ለወይዘሮ አበበች ሁሉንም ተናገርኩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። አልረገሙኝም።

«አንተስ አታውቀውም» አሉኝ። «አብሬው ያረጀሁት እኔ ነኝ። ከአንተ ዘንድ የተመለስኩ ዕለት እየማለልኝ አላመንኩትም።»

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አፌ ላይ ቀረ። የእኔን ኃጢአት እሳቸው ተሸክመውት ሳገኛቸው፣ በምን አፌ ይቅር በሉኝ ልበል?