በግራ የወጣው መስኮት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ውኃልክ» ነው የሚለው። ሥዕል ተንጋዶ ተሰቅሎ ካየ ጨዋታ አይገባውም፤ ሰው ቤት ተነሥቶ ያቃናል፣ እኔን እህቱን ያሳፍረኛል። የሚሠራው ተገጣጣሚ አጥርና ግድግዳ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ፌሮ አስረው አርማታ ይሞላሉ፣ ሲደርቅ በመኪና ሄዶ በክሬን ይተከላል። የሰፈራችን አጥር ግማሹ የእሱ እጅ ነው፤ ከፊታችን ያለው የጎረቤት አጥር ጭምር።

እናታችን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ዳር አትክልት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። የዛሬን አያድርገውና፣ ወጪ ወራጁን ሳትለክፍ አታሳልፍም ነበር። ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ ግን ጓዳ ተኝታ መዋል ሆነ። አንድ ቀን «ሰው ናፈቀኝ፤ ጣሪያ ጎረቤት አይሆን!» አለች። ወንድሜ ይቺን ሰማና አለቀለት። ግቢያችን ጥግ ላይ፣ ተኝታ መንገድ የምታይበት መስኮት ያለው ክፍል ሊሠራላት ማለ።

ከዚያ ጥግ በስተግራ የጎረቤት አጥር ተገትሯል፤ መንገዱ የሚታየው በስተቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱ በቀኝ መሆን አለበት። ሌሎቹን ግድግዳዎች ጓደኞቹ ሞሉለት። የመስኮቱን ግን «ማንም እንዳይነካብኝ!» ብሎ ብቻውን ሞላው።

ስህተቱን በኋላ ነው ያስረዳኝ። ግድግዳ የሚሞላው የውጪ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ ነው። ፕላኑ ደግሞ ቤቱን ከውጪ ስለሚያሳይ፣ ሁልጊዜ ግራና ቀኙን እያለዋወጡ ይሞላሉ። የእማዬን ግን የለካው ከውስጥ፣ አልጋዋ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። መለዋወጥ አያስፈልገውም ነበር። የለመደ እጁ ለወጠው።

ክሬኑ የቆመው ጎናችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ቤት ሊጀምርበት ሲል ለአንድ ቀን ብቻ ፈቀደልን። ግድግዳው አየር ላይ ሲዞር እኔ ጅሏ አጨበጨብኩ። ዞር ስል ወንድሜ ክው ብሏል።

«ላውርደው ወይስ ምን ይሁን?» ብሎ ጮኸ የክሬኑ ሹፌር።

 ገልብጠው እንዳይተክሉት፣ ከሌላው ግድግዳ ጋር የሚያያዝበት ብረት በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ሌላ እንዳይሞላ፣ በማግስቱ ባዶው ቦታ መሠረት ይቆፈርበታል፤ ክሬን ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለውም። በመጨረሻ ወንድሜ «አውርደው» አለ።

አበስኩ ገበርኩ! እኔ መዶሻ አንሥቼ የግድግዳውን ቀኝ ጎን ደበደብኩት። ያተረፍኩት የክንድ ሕመም ነው። ወንድሜ መዶሻውን ከእጄ ወሰደና «ተይ እትዬ፣ ጣሪያውን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከተነካ ይሰነጠቃል» አለኝ። ምን አቅም አለን?

እማዬን ከነፍራሿ ለአራት ተሸክመን አስገባናት። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ እንዳትነቃነቅ ብሏል። በመስኮቱ አጥሩን አየችው።

«ብርሃኑ ጥሩ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «አጥሩስ እንዴት ቀጥ ብሏል! የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ወንድሜ፣ መሬት መሬት እያየ።

አሁን ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መንገዱ የሚታይበት ጥግ ላይ ድንጋይ ስቦ ይቀመጣል። የሚያልፈውን ሁሉ በመስኮቱ በኩል ይነግራታል። «ነርሷ አለፈች! ባለሱቁ ጃንጥላ ገዝቷል!» እማዬም ከአልጋዋ ትለክፋቸዋለች። መንገዱ ጭር ያለ ቀን ከራሱ እየፈጠረ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ ወጥቼ አይቻለሁ።

ትናንትም ጭር ብሎ ነበር።

«እማዬ! ልብስ ሰፊው እያለፈ ነው፤ እንዴት ነሽ ብሎሻል!»

እኔ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥኩ ደነገጥኩ። ልብስ ሰፊው፣ ወንድሜ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ፣ ሞቷል። ማንም አልነገረውም።

እማዬ ቀና ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ደህና ነኝ በልልኝ! ሱሪህን መቼ ነው የምታሳጥረው ብላሃለች በለው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ እጄን ያዝ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለቅሶውን ከዚሁ ሆኜ ሰምቻለሁ። አደራ፣ እንዳትነግሪው» አለችኝ።

ውጪ ወንድሜ ሰው ወደሌለበት መንገድ «ደህና ናት!» እያለ ይጮኻል።