ቫልቮቹ እስኪግሉ

ከኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሥራ ሳምንቴን ጨርሼ ወደ ጋምቤላ ስመለስ የእጅ ባትሪዬን ላሠራ ገበያው መሀል ወዳለ ጥገና ቤት ጎራ አልኩ። ጠጋኙ ልጅ አንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ከፍቶ እየሞከረ ነበር፤ የጋለ አቧራና የሰም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሳልጋበዝ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ማዘር፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት። ጋምቤላ ውስጥ ማንኛውንም ነገር በሙቀቱ ማሳበብ ይቻላል፣ የሚከራከር የለም።

ያ ሽታ የታላቅ ወንድሜ የኦባንግ ሽታ ነው። ኦባንግ በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር ጊታር ይጫወት ነበር፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጡ ሚስዮናውያን ሲሄዱ የተዉልን ነው። ፊቱ የቅቤ መልክ ባለው ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ከኋላ ጎንበስ ብለን ስናይ ቫልቮቹ፣ እነዚያ አምፖል መሳይ ብርጭቆዎች፣ ተደርድረው ቆመዋል። ትንንሾቹ የጊታሩን ድምፅ ይሰማሉ፣ ትልልቆቹ ይጮኹታል ብሎ ነበር ኦባንግ ያስረዳኝ፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ባሮ ዳር ባለው መጠጥ ቤት የዚሁ ዘር የሆነ ሌላ አምፕሊፋየር ነበር፣ ጥቁርና አነስ ያለ፣ ትልልቆቹ ቫልቮች ሁለት ብቻ የሆኑ። የእኛው አራት ስለነበሩት ኦባንግ ያንን «የጠፋው ታናሽ ወንድም» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ቫልቭ እንደ ዛሬ ዕቃ ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው አይናገርም፣ መጀመሪያ መጋል አለበት። ሽማግሌዎቻችን ያንን ዝምታ በከንቱ ማሳለፍ ስላልወደዱ አምፕሊፋየሩ ሲበራ ተንበርክኮ መጸለይን ሥርዓት አደረጉት፤ ቫልቮቹ ቀልተው ሣጥኑ ማጉረምረም ሲጀምር ጸሎቱ በአሜን ይታሰራል። ሰፈር ውስጥ ወሬ የሚያስረዝም ሰው ሲገጥመን «የዚህስ ቫልቭ አልግል አለ» እንባባል ነበር።

ሣጥኑ ግን ክፉ ጠባይ ነበረው። የመጠጥ ቤቱ አምፕሊፋየር ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ሲኖረው፣ የእኛው የቀደመው ዓይነት በመሆኑ ስፒናው ባለ ሁለት እግር ነው፤ አንዳንድ ቀን ኤሌክትሪኩ አፈትልኮ እስከ ጊታሩ ክር ይደርስና የኦባንግን ጣቶች ይነዝራል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚጫወተው ጋሽ ታደለ፣ ከደጋ የመጣ ደግ ሰው፣ ይህን ሰምቶ ሽቦውን በነጻ ልዘርጋላችሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ለሰካራም የሚዘፍን እጅ የጌታን ዕቃ አይነካም ብለው መለሱት። «እንግዲያው ልጁን ከደረቅ ሳንቃ ላይ እንዳታወርዱት» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ኦባንግ የሚጫወተው ሳንቃ ላይ ቆሞ ነበር።

በአንድ የክረምት እሑድ ጠዋት ነው። ሴቶቹ ለበዓል ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ቅዳሜ ዕለት በጭቃ ለቅልቀውት ነበር፤ በዝናቡ ምክንያት ስላልደረቀ ልስኑ እንዳይበላሽ ሁላችንም ጫማችንን ደጅ አወለቅን። ሁልጊዜ የሚጸልዩት ሽማግሌ ወባ ጥሏቸው ቀርተዋል። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ኦባንግ ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አምፕሊፋየሩን አበራ፣ አንዱ ሽማግሌም «ዛሬ አንተ ጸልይልን» ብሎ የሰባኪውን ማይክሮፎን አቀበለው። በእኛ ዘንድ ቆሞ መጸለይ ነውር ነው። ኦባንግም ከሳንቃው ወርዶ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከ፣ ግራ እጁ የጊታሩን ክሮች እንደያዘ፣ በቀኙ ማይክሮፎኑን ጨበጠ። ዓይናችንን ጨፍነን «ጌታ ሆይ» ሲል ሰማነው።

ሌላ ቃል አልወጣውም። የጊታሩ እንጨት ወለሉን ሲደበድብ ተሰማ፣ አንዲት ሴት ዓይኗን ገልጣ አየችና «መንፈስ ወረደበት!» ብላ ጮኸች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መንፈስ የወረደበት ሰው ይንቀጠቀጣል፤ አይነካም፣ አይቋረጥም። ስለዚህ ማንም አልነካውም። ጉባኤው በሃሌ ሉያ ተናወጠ፣ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእናቴ ድምፅ ነበር፤ ልጄ ተመረጠልኝ ብላ በደስታ ታለቅስ ነበር። እኔም አጠገቧ ሆኜ ወንድሜ በመመረጡ ኮርቻለሁ። ሰባኪው ጠርጥሮ ስፒናውን ሲነቅለው ኦባንግ በጎኑ ወደቀ፤ እኛ ስናመሰግን ሞቷል።

ሽማግሌዎቹ ከእናቴ እግር ሥር ወድቀው አለቀሱ፣ ጋሽ ታደለም ለቅሶ ላይ ተገኝቶ ሬሳውን ተሸከመ። እኔ ነርስ ሆንኩ፤ ስንቱን የሚንቀጠቀጥ ሰው ነካሁ፣ ስንቱን አተረፍኩ፤ የእኔው ወንድም ግን ክንዴ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ሞተ፣ ይህን የሚያካክስልኝ ሙያ አላገኘሁም። ድምፁንም ከረሳሁት ቆይቻለሁ፣ ይህ ከሁሉ ይቆጨኛል። እናቴ እምነቷን አልተወችም፣ አንድም እሑድ አልቀረችም። እስክትሞት ድረስ ግን፣ ጉባኤው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እሷ ዓይኗን ገልጣ እኔን እያየች ነበር የምትጸልየው።