የአጎቴን ዓይን ይዘን ከላፍቶ ወደ ሆስፒታል

ንጋት፣ ላፍቶ

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ አፍም ተዘግቷል። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበረች፤ ጭቃዋ አህያን ከነጭነቱ ይውጣል። አጎቴን ጋሽ ተሰማን ጋሪ ላይ አሳፍሬ ተነሣን። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ዛሬ የደም ግፊታቸው ወርዶ ከተገኘ ነገ ቀዶ ጥገና፤ ካልወረደ እንዳለፈው ወደ ቤት።

“አባባ፣ ዓይንዎ ሲበራ መጀመሪያ ማንን ያያሉ?” አለ ባለጋሪው።

“አንተን። ጉድጓድ እየመረጠ የሚነዳ ሰው መልኩ ምን ይመስላል?”

ረፋድ፣ ነፋስ ስልክ

አውቶቡሱ ከመጨናነቁ የተነሣ እጄን ኪሴ ከትቼ የሌላ ሰው መሐረብ አወጣሁ። ጋሼ ጨው ስለተከለከሉ ድንች ቀቅዬ ይዣለሁ። ቀመሱና፣ “ይህን የሚበላ ሰው ደሙ በምን ጉልበቱ ይበዛል?” አሉ።

እኩለ ቀን፣ ሆስፒታል

ሲስተሯ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠምጥማ መንፋት ስትጀምር በሩ ሲጢጥ አለ። ጋሼ ከነመለኪያው ብድግ! “ኖር!”

የገባችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ቀጥሎ ለዶክተሯ ተነሡ። ቀጥሎ በሩን ለገፋው ነፋስ። ግፊታቸው እንደ ጦጣ ወደ ላይ ተንጠላጠለ።

“አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ!”

“ሰው ቆሞ? ነውር አይደለም?”

“እንግዲያው ነገ ቀዶ ጥገና የለም” አለች ዶክተሯ።

ጋሼ ድምፃቸው ወረደ። “ልጄ፣ ሰው ሁሉ ድምፅ ብቻ ሆነብኝ። ፊት ናፈቀኝ።”

ይሄኔ ውጭ ወረፋ የያዙትን ሽማግሌዎች ጠርቼ ግድግዳ ለግድግዳ አቆምኳቸው።

“ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ለእርስዎ ተነሥቷል። እርስዎ ካልተቀመጡ ማንም አይቀመጥም።”

“ኧረ ይቀመጡልን፣ ጉልበቴ አለቀ!” አሉ አንዱ ባለከዘራ።

ጋሼ አፍረው ቁጭ አሉ፤ ሲያርፉ ሲስተሯ ለካች። “ወረደ!” አለች።

“የእሳቸው ወረደ፣ የኔ ወጣ!” አሉ ባለከዘራው።

ከቀዶ ጥገናው ማግስት

ማሰሪያው ሲፈታ የመጀመሪያው ፊት የኔ እንዲሆን ተሽቀዳድሜ ፊታቸው ተገተርኩ። ጋሼ አፈጠጡብኝ።

“ማነህ?”

“እኔ ነኝ ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ።”

ዓይናቸው ከግንባሬ ተነሥቶ እስከ ማጅራቴ መላጣዬን ዞረ።

“ወይ ጉድ! ፀጉርህንም ከትርፍ ቤቱ ጋር ወረሱት?”

አንዱ በሽተኛ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ዶክተሯ በሩን ዘግታ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

“አጥርተው ነው የሚያዩት። ያዩትን ሁሉ ተናግረው ሳይጨርሱ ቶሎ ወደ ላፍቶ ይመልሷቸው።”