አባይነሽ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ካርቶን

እስቲ መናኸሪያ ያለውን የደሳለኝን ጌም ቤት ግድግዳ ተመልከቱ። ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ አንድ ካርቶን ተለጥፏል፤ ጥጉ ተቀዷል። ማን እንደቀደደው እነግራችኋለሁ፤ አልደብቅም።

የጻፈችው አባይነሽ ናት። ከመናኸሪያ ወደ ቱላ ባጃጅ መንዳት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ባጃጇን ራሷ ትፈታለች፣ ራሷ ትገጥማለች። እሁድ ከቸርች መልስ ደሳለኝ ጋ ጎራ ብላ የመኪና ጨዋታ ትጫወታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጥምዝምዙን መንገድ መኪናዋን በጎን እያንሸራተተች፣ ክብ ሳትዞርባት መጨረስ። ድሪፍት የሚሉት ይኸው ነው።

ቤቱ ግን ሕግ አለው። መኪናው የዞረበት ይነሳል፣ ጆይስቲኩን ለባለተራው ያስረክባል። ለጀማሪም ያው ነው! ንገሩኝ እንጂ፣ በተቀመጠ ቁጥር የሚነሳ ሰው መቼ ነው የሚማረው?

የቤቱ አውራ ሔኖክ "እኔ መኪና ላዘጋጅልሽ" ብሎ በጨዋታው ማስተካከያ ሺህ የፈረስ ጉልበት ጭኖ ሰጣት። ነዳጅ ከመስጠቷ መኪናው እንደ እንዝርት ሾረ።

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ ሔኖክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"አንተ መኪናህን ያስተካከልክበትን ቁጥር አሳየኝ" አለችው።

"እሱማ የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ የኔ እናት።"

ማስተካከያውን ሲከፍት ስክሪኑን በጃኬቱ ይጋርዳል። በጃኬት! ለጨዋታ! አራት እሁድ እንዲህ ሳቁባት። እኔም ከኋላ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ለዚህም ራሴን እረግማለሁ።

እሷ ግን ሰኞ ጠዋት፣ ቤቱ ጭር ሲል መጣች። ባጃጅ እንደምትጠግነው አንድ ነገር ትቀይራለች፣ ትሞክራለች፣ ከዚያ ሌላውን ትነካለች። ጉልበቱን ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ አወረደች። መሪው እስከ መጨረሻው እንዲታጠፍ አደረገች። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ አሰረቻቸው። የጎማዎቹ ሞላ ላይ ግን ተሳሳተች፤ የቱላን መንገድ ጉድጓድ የለመደች ሰው አይደለች? የመጨረሻውን ልስላሴ ሰጠችው። መኪናው ሦስት ኩንታል እንደጫነ ባጃጅ ተንገዳገደ።

"እዚህ ምን ጉድጓድ አለና!" ብላ በራሷ ሳቀች፤ ሞላውን ጠበቅ አደረገችው።

እሁድ ተቀመጠች። አንደኛው ጥምዝ አለፈ። ሁለተኛውም። ሔኖክ ከኋላዋ "አሁን ትዞራለች፣ አሁን..." ይላል።

"አርፈህ ተቀመጥ፤ ዛሬ ወራጅ የለም" አለችው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ጨረሰች። አልተነሳችም!

እሷ ግን ምስጢሯን በጃኬት አልጋረደችም። ካርቶን ለምና፣ "ለጀማሪ" ብላ፣ ቁጥሮቿን ሁሉ ጽፋ ለጠፈች። ከታች፦ "ጉልበት ለመጨመር አትቸኩሉ።" ሔኖክ ዘሎ ጥጉን ቀደደው።

"ታዲያ ሁሉም ሰው ሊችል ነው?" አለ።

ሰማችሁ? የሚያስፈራው ይኼ ነው! ሌላው ሰው እንዳይችል! በሥራ ቦታም፣ በትምህርት ቤትም ስንት ሔኖክ ጃኬቱን ዘርግቶ ቆሟል!

አባይነሽ ግን ፕላስተር ከኪሷ አውጥታ መልሳ ለጠፈችው።

በመናኸሪያ ስታልፉ እባካችሁ ገባ በሉና እዩት። ካርቶኑ ከሌለ እንደ እኔ ዝም አትበሉ። "የጀማሪዎቹ ቁጥር የት ሄደ?" ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ጠይቁልኝ።