ከሀቫና አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

በመንገድ ሰዓት እኔን የሚሸውድ ሰው ገና አልተወለደም። ከሆሳዕና አዲስ አበባ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነኝ፤ ዓይኔን ብትሸፍነኝ እንኳ በመንገጫገጩ ብቻ ቡታጅራ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደቀረን እነግርሃለሁ። ከትምህርት ጋር የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሱ ነው የተወኝ።

ስለዚህ ኩባ ተምሬ መጣሁ የሚል ሰውዬ ታላቅ እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ አባባ "አንተ መርምረው" አሉኝ። ሰውዬው የዚሁ የእኛው አገር፣ የጊምቢቹ ከተማ ልጅ ነው። አምስት ዓመት ጠፍቶ ከርሞ ድንገት ሸሚዙን አሳምሮ ብቅ አለ። ወጣት ሁሉ ለጦርነት በሚታፈስበት በዚያ ዘመን እንዲህ ጠፍቶ የመጣ ሲታይ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከጦር ሜዳ ኮብልሎ ይሆን? ከሆነ ደግሞ ቀበሌ የሚወስደው እሱን ብቻ አይደለም፤ የሸሸገውንም ጭምር ነው።

አባባ "ራሱ ይምጣ" ስላሉ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር መጣ። እህቴ ቡላ አቅርባ በሩ ጋ ቆመች። እኔ ጀመርኩ።

"ስትሄድ ከአዲስ አበባ ኤርፖርት በስንት ሰዓት ተነሳህ?"

"ጠዋት ሁለት ሰዓት።"

"ሀቫና ስንት ሰዓት ገባህ?"

"በዚያው ቀን፣ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት።"

በጣቴ ቆጠርኩ፤ አስር ሰዓት።

"ስትመለስስ?"

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቼ አዲስ አበባ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ገባሁ።"

ጣቴ አለቀ፤ አጠገቤ የተቀመጡትን የሁለት ሽማግሌዎች ጣት ተበደርኩ። ሃያ ስድስት!

"ወንድሜ፣ ሰማዩ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው እንዴ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱን አላበው።

"በሰማይ ላይ የቆየነው ሁለቱም ጊዜ አስራ ስምንት ሰዓት ነው። ከአስራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው እኮ! የእነሱ ሰዓት ከእኛ በስምንት ወደኋላ ነው፤ እዚህ ሲነጋ እዛ ገና ሌሊት ነው።"

"ፀሐይ እዛ ታረፍዳለች በለኛ! እኛ ሁለት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንለፋለን፤ አንተ አስራ ሁለት ሺውን በአንድ ቀን? ጎማም አልፈነዳባችሁ?"

የአባባ ፊት ጠቆረ። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ለመነሳት ዳዳቸው። ያዝኩት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ያኔ እህቴ ከበሩ፣ "ውሸታም ቢሆን ሁለቱን ሰዓት አስተካክሎ አይመጣም ነበር?" አለች። "አንተ ቡታጅራ አምሽተህ ስትመጣ ለአባባ የምትነግረው ሰዓት አንድ ቀን ተዛንፎ ያውቃል?"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቡላዬን በማንኪያ ማማሰል ጀመርኩ።

አባባ ግን አልሳቁም። "ታምኚዋለሽ?" አሏት።

"አምነዋለሁ።"

"ቢወስዱትስ?"

"ስንቅ አመላልሳለሁ።"

አባባ "ይሁን፤ እንጸልይ" አሉ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሰውዬውን ልሰልል ብዬ አልጨፈንኩም። እሱም አልጨፈነም፤ እህቴን እያየ እንባው ቡላው ላይ ይንጠባጠባል። አስመሳይም ያለቅሳል ብዬ ጸሎቱ እስኪያበቃ አፈጠጥኩበት። አሜን ሲሉ እኔም አሜን አልኩ፤ በግማሽ ድምፅ።